የጋዋን ሰፊው ጀርባ

ሬሳው በደረቱ ተኝቷል። ጀርባው ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከጎድን አጥንቶቹ ታችኛው ጫፍ አጠገብ፣ በፕላስተር የታሸገ የመርፌ ቁስል አለ። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ፕላስተሩን ገለጥ ሲያደርገው ከሥሩ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተሰመረ ኤክስ ብቅ አለ። መርፌው የገባው ልክ ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ላይ ነው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ቆስቋሿ። «ሰውየው ፈተና ወድቆ ነው ኤክስ የተደረገበት?»

ቆስቋሿ የወንጀል መርማሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የተዳፈነ ነገር ካየች ሳትቆሰቁስ አታልፍም።

«ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ ነበር» አለ ሐኪሙ። «ውሃውን በመርፌ ሊቀዱለት ነው የወጉት። ቀላል ሥራ ነው። ግን ዝቅ አድርገው ወጉትና መርፌው ጉበቱን አገኘው። ደሙ ወደ ውስጥ ፈሰሰ።»

«ወዲያው ሞተ?»

«ኧረ ወዲያው አይደለም። ቀስ እያለ ነው የሄደው። ቀዶ ሐኪሞቹ ያሉት ከሱ ክፍል ሥር ባለው ፎቅ ነው። አንድ ደረጃ ወርዶ የሚጠራቸው ሰው ቢያገኝ ኖሮ አሁን ከአንቺና ከእኔ ጋር ያወራ ነበር።»

አብሯት የመጣው ሳጅን ቆስቋሿ ስትናደድ ስለሚያውቅ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው፤ ሕክምና የሚማር ሁሉ የመጀመሪያ ጋዋኑን የሚያሰፋው እሱ ጋ ነው። ዛሬ በዚህ ግቢ ነጭ ለብሶ የሚራመድ ሰው ሁሉ የእሱን ስፌት ለብሷል። ሚስቱ የባሏን ልብስ በፌስታል ታቅፋ በሩ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ታያለች፤ ፊቱን ሳይሆን ጋዋኑን።

ለፖሊስ የደወሉት የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር ራሳቸው ናቸው። «አንዲት ተማሪ ያለ ፈቃድ ወግታ በሽተኛ ገድላለች፤ መጥታችሁ ውሰዷት» ነበር ያሉት። ቆስቋሿ ብዙ ሆስፒታል ገብታለች፤ ሆስፒታል የራሱን ሰው እንዲህ ቸኩሎ ሲያስረክብ ግን አይታ አታውቅም።

*

ሰውየው የተወጋባት ክፍል ከዋርዱ ጫፍ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ። ወንበሩ ላይ የታጠፈ አንሶላ ተከምሯል። አልጋው አጠገብ ግን ቦታው ያልሆነ ነገር ቆሟል፤ ከላዩ ትራስ የተቀመጠበት የምግብ ጋሪ። ቆስቋሿ የቆሻሻ ቅርጫቱን ከፈተች። የተገለበጠ ነጭ የላስቲክ ጓንት አለ፤ ውስጡ ዱቄት ዱቄት ይላል።

«ሲስተር፣ ይኼ ጋሪ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሲስተሯ የዋርዱ ነርስ ናት፤ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብላ የማታውቅ፣ አንደበቷም እግሯም ፈጣን። «እኔም እሱን ነው የምለው! የምግብ ማደያ ነው።»

«ውሃ ስትቀዱ በሽተኛውን እንዴት ነው የምታስቀምጡት?»

«ወንበሩን አዙረን ነዋ። እንደ ፈረስ ይጋልበውና ክንዱን መደገፊያው ላይ ያሳርፋል። ፕሮፍ ለሁሉም ያስተማሩት እንደዛ ነው።»

«ዛሬ ግን ወንበሩ አልተነካም።»

ሲስተሯ የአንሶላውን ክምር አየች። «ጠዋት እንዳስቀመጥኩት ነው ያለው» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ቀዘቀዘ።

ቆስቋሿ ጠዋት የቆርቆሮ ክዳን የቆረጣትን ጣቷን ዘረጋች። «እስቲ ይችን እሰሪልኝ፤ ደም ነካካት።»

ሲስተሯ የጎዝ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አደረገችበት፤ ፕላስተሩን በእጇ ቀደደችና ደግሞ ወደ ርዝመቱ ለሁለት ሰነጠቀችው። እንደ ክር የቀጠነውን ለጠፈችና ሌላውን ግማሽ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ለምን ትሰነጥቂዋለሽ?»

«ይኼ ፕላስተር እኮ በስንት ልመና ነው የሚገኘው የኔ እህት! ሙሉውን የሚለጥፍ ሰው እኔ ዋርድ ውስጥ ካየሁ እጁን ነው የማስረው።»

የሟቹ ቁስል ላይ ያለው ፕላስተር ሰፊ ነበር። ሳይሰነጠቅ፣ በመቀስ ቀጥ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ሲላጥ እንዲያመች ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

«ተማሪዋ ስትወጋው አይተሻል?»

«ከልብስ ማጠቢያ ስመለስ ነው ያገኘኋት። ጀርባውን በሁለት እጇ ይዛ ‹ድረሱልኝ› ትላለች።»

«ስትወጋው ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አላየሁም። ግን ሌላ ማን ነበር?»

«ሌላ ማን ነበር ማለትና አየሁ ማለት አንድ አይደለም ሲስተር።»

*

ተማሪዋን ተረኛ ሐኪሞች በሚያርፉበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው በር ላይ ዘበኛ አቁመውባታል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከውጭ አገር ሆስፒታል ጋር በተደረገው የተማሪዎች ልውውጥ በሚቀጥለው ወር ልትሄድ የተመረጠችው እሷ ናት፤ ከዚያ አንድ ተማሪ ይመጣል፣ ከዚህ አንድ ይሄዳል። አሁን ግን መሄዱ ቀርቶ፣ በሩን ከፍታ ወደ ቤቷ መሄድም አትችልም።

«እኔ አልወጋሁትም» አለች፤ ቁጣዋ ከእንባዋ ቀድሞ። «ከሰዓት በኋላ ፕሮፍ ባሉበት ልቀዳለት ነበር፤ ተራው የኔ ነበር። ረፋዱ ላይ ፕሮፍ ደወሉልኝ። ‹ልብስ ሰፊውን ሂጂ እዪው፣ ደከም ብሎታል› አሉኝ። ስደርስ ትራሱ ላይ ተደፍቷል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።»

«እና ምን አደረግሽ?»

«ጮኽኩ! ምን ላድርግ? ማንም አልነበረም።»

«ሰውየውስ ምን አለሽ?»

«‹ጋዋንሽ አልቋል፣ ቁልፉ ብቻ ነው የቀረው› አለኝ። ለመንገዴ የሚሰፋልኝ ነበር።»

«ፕሮፍ የደወሉልሽ ስልክሽ ላይ አለ?»

«አለ። እዪው። ማንም አሳዪኝ አላለኝም እንጂ ለማሳየትማ እየለመንኩ ነው የዋልኩት።»

ቆስቋሿ አየችው። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች፤ «ላላብኝ መሰለኝ» ብላ። ተማሪዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ ፕላስተሩን በጥርሷ ቀደደች፣ ወደ ርዝመቱ ሰነጠቀች፣ አሰረችላት። መቀስ አጠገቧ ነበር፤ አላየችውም እንኳ።

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ በሹክሹክታ፣ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው ነገሩ» አለ።

«አይጡን እናገኘዋለን» አለች ቆስቋሿ።

*

ከውጭ የመጣው ተማሪ የሚያድረው ግቢው ውስጥ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁሉም እንግዳው ይሉታል። ረጅም፣ ገርጣ ያለ ልጅ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ሆዱን አሞት ከአልጋ አልወረደም፣ ግን ይህን የሚመሰክርለት የለም። ቆስቋሿ በተማሪነቷ በለመደችው በእሱ ቋንቋ አነጋገረችው።

ጣቷን ስትሰጠው ከሻንጣው ሰማያዊ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ።

«ለጣት ቁስል ጓንት?»

«ያለሱ መሥራት አልለመድኩም። የእናንተ ነጩ ደግሞ ያሳብጠኛል፤ ከነካሁት እጄ ለቀናት ይቀላል። የራሴን ይዤ ነው የመጣሁት።» እጆቹ ንጹሕ ነበሩ፤ አንድም የቀላ ቦታ የለም። ፕላስተሩን በመቀስ ቆረጠ፣ ሙሉውን ለጠፈ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈ።

«ለምን ታጥፈዋለህ?»

«ሲላጥ እንዳያስቸግር። እኛ ጋ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል።»

«እናንተ ጋ ከሳንባ ዙሪያ ውሃ ስትቀዱ በሽተኛው እንዴት ይቀመጣል?»

«አልጋው ላይ፣ ፊቱ ጠረጴዛ ተደርጎለት፣ ትራስ ተደግፎ።»

«ኤክስስ ታሰምራላችሁ?»

«አልትራሳውንዱ ውሃው ያለበትን ቦታ ሲያሳይ እዚያ ላይ እናሰምራለን።» ቅንድቡን አነሳ። «ሰውየው ላይ ኤክስ ነበር? ግን እዚያ ክፍል ማሽን የለም እኮ። ታዲያ ቦታውን በምን አወቀው?»

«ከዚህ ቀደም ወደ እናንተ የሄደው የእኛ ተማሪስ፣ ብዙ ሰው ቀድቷል?»

እንግዳው ሊስቅ ብሎ ተወው። «ማን? እሱ? የውጭ ተማሪ እኛ ጋ በሽተኛ አይነካም። እኛ ራሳችን ሳንመረቅ አንወጋም። እዚያ በቆየበት ሦስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ነበር የምንቆመው፤ እጃችንን ኪሳችን ከተን።»

«እዚህስ?»

እንግዳው ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ።

«እዚህስ አልኩህ።»

«እዚህ ይፈቅዱልናል።»

«ስንት ሰው ወጋህ?»

«አልቆጠርኩም» አለ እንግዳው፤ ካለ በኋላ ራሱ የሰማው መሰለ፤ ጆሮው ቀላ።

ቆስቋሿ ተነሳች። «እናትህን ለመውጋት የማይፈቀድልህን እጅ የሰው እናት ላይ ስትለማመድ ከርመሃል። እሱን ደግሞ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። አሁን ልበስና ና።»

*

ፕሮፌሰሩን ተማሪዎቹ ከበሮ መቺው ይሏቸዋል። ደረት በጣታቸው አንኳኩተው፣ በድምፁ ብቻ ውሃው እስከየት እንደደረሰ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የቢሯቸውን ጠረጴዛ ሳይቀር እያንኳኩ ነው የሚያወሩት። አጠገባቸው የእህታቸው ልጅ ቆሟል፤ እሱም ሐኪም ሊሆን ትንሽ የቀረው ተማሪ ነው። በልውውጡ ሄዶ ከተመለሰ ወዲህ ጓደኞቹ ደርሶ መልስ ይሉታል፤ ወሬው ሁሉ «እዚያ እኮ» ብሎ ስለሚጀምር።

«እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ነገ ከውጭ ሆስፒታሉ የልዑካን ቡድን ይመጣል። ልውውጡን ለማራዘም ሊፈርሙ። ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችን።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም። ማንም አልገባም።»

«መቼ ሰሙ?»

«ሲስተር ሮጣ መጥታ ስትነግረኝ። ሰውየው ካለፈ በኋላ ማለት ነው።» ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ከበሮ መቱ።

«ከዚያ በፊት ስለ ሰውየው ምንም አልሰሙም?»

«ምንም።»

ሳጅኑ ሳል አለ። ቆስቋሿ ወደ ደርሶ መልስ ዞረች። «ዶክተር፣ አንተስ?»

«ቤት ነበርኩ። ለነገው እየተዘጋጀሁ። በልዑካኑ ፊት ውሃ አቀዳድ የማሳየው እኔ ነኝ።»

«ታውቅበታለህ ማለት ነው።»

«እዚያ እኮ ሥራዬ ይኸው ነበር! ብዙ ቀድቻለሁ። እዚያ እኮ ደረት ማንኳኳት ምናምን የለም፤ ያ የጥንት ነው፣ ጋሼ አይቀየሙኝና።»

«የጥንቱ እኔ ነኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ በኩራት ሳቁ። «ቦታውን በጥፍሬ ጫን አድርጌ ምልክት አደርጋለሁ፣ አለቀ። እስክርቢቶ እንኳ አልፈልግም።»

«ጎበዝ ሐኪም ዘንድ ከደረስኩማ» አለች ቆስቋሿ፣ «ይችን ጣቴን እሰርልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈችም።»

ደርሶ መልስ ደስ አለው። ከጋዋኑ ኪስ የዋርዱን ነጭ ጓንት አውጥቶ አጠለቀ፤ ዱቄቱ እጅጌው ላይ በነነ። ፕላስተሩን በመቀስ ቀጥ አድርጎ ቆረጠ። ሙሉውን ለጠፈ። ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፈ።

«እጅህን ይባርከው» አለች ቆስቋሿ። ሳጅኑ ከንፈሯን አየ። ፈገግ አላለችም።

*

ሁሉም በጠባቧ ክፍል ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰሩ መታጠቢያው አጠገብ፣ ደርሶ መልስ ከጎናቸው፣ እንግዳው ሆዱን ይዞ በሩ ላይ፣ ሲስተሯ የአንሶላ ወንበሯን ተደግፋ፣ ተማሪዋ ከሳጅኑ አጠገብ። የልብስ ሰፊው ሚስት አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ፌስታሉን አላስቀመጠችም።

«ይቺ ሴት መኖሯ ተገቢ አይደለም» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ስሜቷን ይጎዳል።»

«ስሜቷን ለመጉዳት የቀደማችሁት እናንተ ናችሁ። ትስማ።»

ቆስቋሿ ጋሪውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ልብስ ሰፊውን የወጋው ሰው ይህን ጋሪ ከየትም ጎትቶ አመጣ። እዚህ የተማረ ሰው ወንበሩን ያዞራል፤ ወንበሩን ግን የነካው የለም። እዚህ የሚሠራ ሰው ፕላስተር ይሰነጥቃል፤ በሬሳው ላይ ያለው ሙሉ ነው፣ ጫፉም ታጥፏል። ሲስተር ጣቴን ስታስር ሰነጠቀች። ተማሪዋም እንባዋን እየጠረገች፣ ሳታስበው ሰነጠቀች። ሰው እንባው ሲወርድ የእጁ ልማድ አይዋሽም። የወጋችው እሷ አይደለችም።»

ሁሉም ወደ እንግዳው ዞሩ። ደርሶ መልስ ከሁሉም ፈጥኖ ዞረ።

«እሱ ነዋ!» አለ። «ጫፍ የሚያጥፉት እነሱ ናቸው!»

«እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያልኩት» አለች ቆስቋሿ። «ግን ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ጓንት ነጭ ነው። እንግዳው ነጩን ቢነካ እጁ ለቀናት ይቀላል። እጁን እዩት። የሱ ጓንት ሰማያዊ ነው። ደግሞ ስለ ኤክሱ ስጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄው ‹ያለ ማሽን ቦታውን በምን አወቀው?› የሚል ነበር። ኤክስ የማሽን ተከታይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፣ ማሽን በሌለበት ክፍል ኤክስ አያሰምርም።»

አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች።

«እንግዲህ ማን ቀረ? የእነሱን አሠራር ያየ፣ የእኛን ጓንት የሚያጠልቅ ሰው። ፕሮፌሰሩ? ፕሮፌሰሩ ቢሆኑ ወንበሩን ያዞሩ ነበር፣ ደረቱን ያንኳኩ ነበር፣ በጥፍራቸው ምልክት ያደርጉ ነበር። እስክርቢቶ አይነኩም፤ ራሳቸው ነግረውኛል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚቀረው። ሦስት ወር ሙሉ እጁን ኪሱ ከቶ ከሰው ትከሻ ኋላ የቆመ ሰው። ጠረጴዛውን አይቷል፣ ትራሱን አይቷል፣ ኤክሱን አይቷል፣ የፕላስተሩን ጫፍ አይቷል። መርፌ ግን ይዞ አያውቅም። ማሽኑ የለውም፣ ማንኳኳት ደግሞ ንቋል። ታዲያ ኤክሱን በምን አሰመርከው ዶክተር? በግምት?»

«ውሸት ነው! ብዙ ቀድቻለሁ!»

«አንድም አልቀዳህም» አለ እንግዳው በሩ ላይ ሆኖ፤ ቋንቋውን ሰባብሮ፣ ግን ሁሉም ገባው። «እኔ አጠገብህ ነበርኩ።»

ደርሶ መልስ አጎቱን አየ። አጎቱ መታጠቢያውን ያያሉ።

«ነገ በእነሱ ፊት እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ነው» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሳያይ ልሞክር ብዬ። ለሁሉም ብዙ ቀድቻለሁ ብዬ ነበር፤ እንዴት ብዬ አላውቅም ልበል? ሰውየው እጄን አይቶ ‹አይዞህ ልጄ› አለኝ። እኔን!»

ፌስታሉ ኮሽ አለ። ሚስቱ ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«ከዚያስ?»

«ላብ ላብ አለው። ደነገጥኩ። ጋሼ ጋ ሮጥኩ።»

«አሁን ወደ ዋናው ደረስን» አለች ቆስቋሿ፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ፕሮፌሰር፣ ማንም አልገባም፣ ከሞቱ በፊት ምንም አልሰማሁም ብለውኛል። ታዲያ ተማሪዋ ጋ ደውለው ‹ደከም ብሎታል› ያሉት በሕልምዎ አይተው ነው? ጥሪው ስልኳ ላይ አለ። ሲስተር ያኔ ልብስ ማጠቢያ ነበረች። የሰውየውን መድከም የሚያውቀው የወጋው ሰው ብቻ ነበር፤ ለእርስዎም ሊነግርዎት የሚችለው እሱ ብቻ ነው።»

«እኔ እንድትረዳው ነው የላክኋት!»

«ለመርዳትማ ከታች ባለው ፎቅ ቀዶ ሐኪም ሞልቷል! አንድ ሐረግ ይበቃ ነበር፤ ‹ጉበቱ ተወግቷል፣ ድረሱ›። እሱን ካሉ ግን ማን ወጋው ይባላል። ስለዚህ ለሐኪም መደወሉን ትተው ለጥፋተኛ ደወሉ። ሰው ሲደርስ የሷ እጅ ጀርባው ላይ እንዲገኝ። መርፌው አላዋቂነት ነው ፕሮፌሰር፤ አላዋቂነት ይቀጣል። ያንን ስልክ ግን አስበውበት ነው የደወሉት።»

«ወደ ቤት ሂድ አሉኝ» አለ ደርሶ መልስ እያለቀሰ። «ሐኪም ልጥራ ስልዎት ‹እኔ አስተካክለዋለሁ፣ ሂድ› አሉኝ ጋሼ!»

ፕሮፌሰሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኹ። «ልውውጡ ቢቋረጥ ስንት ልጅ በሩ እንደሚዘጋበት ታውቂያለሽ? እኔ ለተማሪዎቼ ብዬ ነው!»

«ተማሪዎ ይቻትና» አለች ቆስቋሿ፤ ልጅቷን በእጇ አሳየች። «የእነሱ ልጆች እዚህ መጥተው የእኛን ሰው ይወጋሉ። የእኛ ልጆች እዚያ ሄደው ግድግዳ ተደግፈው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ እንዋሻለን እንጂ አልተማርንም አይሉም። እርስዎ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ልውውጥ ብለው ጠሩት! ሳጅን፣ ልጅቷን ልቀቃት። ሁለቱን ያዝ።»

ተማሪዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሲስተሯ ዓይኗን ሰበረች፤ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፣ ያላየሁትን ነው ያየሁት» አለቻት። ተማሪዋ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ይቅር የምትልበት ቀን ገና አልደረሰም።

ሳጅኑ ደርሶ መልስን በክንዱ ሊይዘው ሲል የልብስ ሰፊው ሚስት ከአልጋው ተነሳች።

«ቆይ» አለች።

ሁሉም ቆመ።

«ጋዋኑን አውልቅ።»

«እ?»

«ጋዋኑን አውልቅልኝ። የባሌ ስፌት ነው። እሱን ለብሰህ አትወጣም።»

ደርሶ መልስ ወደ ቆስቋሿ አየ፣ ወደ አጎቱ አየ። ከዚያ ቁልፎቹን ይፈታ ጀመር። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ልብስ ሰፊው ቁልፍ ሲተክል እንዳይላቀቅ አድርጎ ነበር የሚተክለው፤ የላይኛው እንኳ እሺ አላለም። ሴትየዋ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። በክፍሉ ውስጥ ቁልፍ መፍታት የሚችል እጅ ሞልቷል፤ ማንም አላገዘውም።